ትልቅ ጀልባ፣ የጎማ ጀልባ ወይስ ገደል አፋፍ? የዓሣ ነባሪና የባሕር ወፍ ጉዞዎች ንጽጽር

ቲኬት ከመቁረጣቸው በፊት ብዙዎች የሚጠይቁት ዓሣ ነባሪ የማየት ዕድላቸው ምን ያህል እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ ከአንድ ወደብ የሚነሡ ጀልባዎች የሚሄዱት ወደዚያው ባሕር ስለሆነ በዚህ ረገድ እምብዛም አይበላለጡም፤ ይልቅስ ገዢው ሊያመዛዝን የሚገባው የጀልባውን ዓይነት፣ የጉዞውን ርዝመትና የካፒቴኑን ጠባይ ነው።

ባለ ፎቅ ትልቅ ጀልባ ብዙም አይናወጥም፤ መጸዳጃ ቤትና ከነፋስ የተከለለ መቀመጫም አለው። ከላይኛው ፎቅ ላይ ሆኖ ዓሣ ነባሪው ሲተነፍስ ሽቅብ የሚረጨውን እንፋሎት ከሩቅ መለየት ስለሚቻል፣ ለአረጋውያን፣ ለሕፃናትና ባሕር ለሚያጥወለውላቸው የተሻለ ምርጫ ነው። ጉድለቱ የሚታየው እንስሳው ብቅ ሲል ነው፦ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይጎርፋል፣ ከኋላ የቀረውም የሰው ጀርባ ሲያይ ይቆያል። ስለዚህ ጀልባው የሚችለውን ያህል ሳይሆን ከዚያ ያነሰ ሰው የሚጭን ድርጅት መፈለግ ይበጃል።

ጠርዙ በአየር የተነፋው ፈጣን የጎማ ጀልባ ግን ተሳፋሪውን ከውኃው ወለል አጠገብ ስለሚያስቀምጠው፣ ሞተሩ ሲጠፋ የእንስሳው ትንፋሽ በጆሮ ይሰማል። ይህን የሚተካ ነገር በትልቁ ጀልባ ላይ አይገኝም። በአንጻሩ ጀልባው በማዕበል ላይ ስለሚዘል የጀርባ ሕመም ላለበትና ለነፍሰ ጡር አይመከርም፤ ልብስም ይረጥባል። ትንሽ ስለሆነ እንስሳውን አያውክም የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ ብዙ የሚታመን አይደለም፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሞተሩ ድምፅ በውኃ ውስጥ ይበረታል፣ ዓሣ ነባሪዎች ደግሞ የሚግባቡት በድምፅ ነው።

የርቀት ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በአውስትራሊያ ጀልባ ወደ ዓሣ ነባሪ ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብ አይፈቀድለትም። በኒው ዚላንድ ወሰኑ 50 ሜትር ሲሆን፣ በ300 ሜትር ክልል ውስጥም ከሦስት በላይ ጀልባዎች መገኘት የለባቸውም። ሞተሩን አጥፍቶ የቆመን ጀልባ እንስሳው በራሱ ፈቃድ ቢጠጋው ነውር የለበትም፤ «እጅዎን ዘርግተው ይነኩታል» ብሎ የሚያስተዋውቅን ድርጅት ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ መተው ይሻላል።

ጀልባ ጨርሶ የማያስፈልግበት ቦታም አለ። በደቡብ አፍሪካዋ ሄርማነስ፣ ከሰኔ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት፣ ሳውዘርን ራይት የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከነግልገሎቻቸው ወደ ባሕረ ሰላጤው ስለሚጠጉ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል።

የባሕር ወፍ ለማየት የሚወጣ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። የዓሣ ነባሪ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን፣ አስጎብኚውም ወፎቹን በስም ሳይጠራ ሊያልፋቸው ይችላል። የወፍ ጉዞ ግን ባሕሩ በድንገት ወደሚጠልቅበት ስፍራ ስለሚዘልቅ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ በኒው ዚላንድ ካይኮራ ጥልቁ የባሕር ውስጥ ሸለቆ ለዳርቻው ቅርብ በመሆኑ ብቻ ጥቂት ሰዓት ይበቃል። በዚያ የዓሣ ጉበት ወይም ቁርጥራጭ ሲጣል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ሦስት ሜትር የሚደርስ አልባትሮስ ከጀልባው ጎን ያርፋል። ወፎችን በምግብ መሳብ የሚያከራክር ቢሆንም፣ አልባትሮስን በብዛት የሚፈጀው ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ላይ ያለው መንጠቆ ነው። ስለዚህ አስጎብኚው ወፎቹን ከመንጠቆው ስለሚጠብቁት ዘዴዎች፣ ማለትም ስለ ወፍ ማስፈራሪያ ገመድና መንጠቆን በሌሊት ስለመጣል የሚያስረዳ ከሆነ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ነው። ወፍን የሚያስቀድም ተጓዥ የወፉን ጉዞ ቢመርጥ ዓሣ ነባሪም ሊያጋጥመው ይችላል፤ በተቃራኒው መንገድ ግን ብዙ ወፍ አይጠብቅ።

በመጨረሻ የ«ዋስትና» ቃሉ ይመርመር። በአንዳንድ ድርጅቶች ዘንድ ዶልፊን መታየቱ ብቻ ዋስትናውን እንደ ተፈጸመ ያስቆጥራል፤ ሌሎቹም ገንዘብ ሳይመልሱ የሌላ ቀን ቲኬት ይሰጣሉ። ይህ ቲኬት በማግስቱ ለሚሄድ እንግዳ ዋጋ ስለሌለው፣ ጉዞውን በቆይታው የመጀመሪያ ቀናት፣ ከተቻለም ነፋሱ ሳይበረታ በማለዳ መያዝ ይመረጣል።