ቀጥታ ካቴና ወይስ ሺፍት ኪት? ብስክሌታችሁ ላይ ሞተር ከመግጠማችሁ በፊት

ብስክሌት ላይ ሞተር ሊገጥም የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «የምትነዳበት መንገድ ዳገት አለው ወይ?» እለዋለሁ። ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው።

ሞተሩ በቀጥታ ካቴናም ሆነ ማርሽ መቀየር በሚያስችለው ሺፍት ኪት አንድ ነው፤ ቴላዮው (የብስክሌቱ አጽም) መሀል የሚታሰረው ባለ ሁለት ምቱ ትንሹ ሞተር። «80 ሲሲ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 66 ሲሲ ነው። ሲሊንደሩ 47 ሚሊሜትር ስፋት፣ ፒስተኑ 38 ሚሊሜትር ጉዞ ካላቸው ከዚያ አያልፍም፤ ራሳችሁ አስሉት። ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ጎማው ጋ የሚደርስበት መንገድ በጣም ወሳኝ ነው።

በቀጥታው አገጣጠም ሞተሩ ላይ ካለው ባለ 10 ጥርስ ፒኞን (ትንሹ ባለ ጥርስ ክብ ብረት) በግራ በኩል አንድ ወፍራም ካቴና ይነሳና የኋላ ጎማው ላይ የታሰረውን ባለ 44 ጥርስ ኮሮና (ትልቁን ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ያዞራል። ያላችሁ ማርሽ አንድ ብቻ ነው። ሺፍት ኪት ደግሞ ጉልበቱን በአንድ ተጨማሪ ሻፍት ወደ ቀኝ ያሻግርና ከፔዳሉ ጋር ያገናኘዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ የኋላ ማርሾቹን እንደ እግራችሁ ይጠቀምባቸዋል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ሞተሩ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ብቻቸውን ዙሩን 4.1 ጊዜ ይቀንሱታል። በባለ 44 ጥርሱ ኮሮና ሞተሩ 18 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። በ26 ኢንች ጎማ፣ በደቂቃ 4,000 ዙር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮሮናውን በባለ 36 ብትቀይሩት ወደ 34 ይወጣል፤ ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ይጨነቃል። ባለ 56 ብታደርጉት ዳገቱን ይወጣል፣ ሜዳው ላይ ግን 22 አካባቢ ሆኖ ይጮህባችኋል። ያገኛችሁትን ያህል በሌላ በኩል ትከፍላላችሁ።

አሁን ሺፍት ኪቱን እንየው። ጉልበቱ መጀመሪያ ከባለ 10 ጥርስ ወደ ባለ 17፣ ቀጥሎ ከባለ 10 ወደ ባለ 44 የሚያልፍበት፣ ከዚያ ፔዳሉ ጋ 36 ጥርስ፣ ኋላ ከ11 እስከ 28 ጥርስ ያለው ብስክሌት እንውሰድ። በከባዱ ማርሽ ሞተሩ ለአንድ የጎማ ዙር 9 ጊዜ ያህል፣ በቀላሉ ማርሽ ደግሞ 24 ጊዜ ይዞራል። በዚያው 4,000 ዙር ከ21 እስከ 53 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። 53ቱ የወረቀት ሒሳብ ነው፤ ንፋስ ሲመጣ ትንሹ ሞተር አይችለውም። ለፍጥነት ብላችሁ ሺፍት ኪት አትግዙ። ዋጋው ያለው መሀል ባሉት ማርሾች ነው። ዳገት ሲጀምር አንድ ማርሽ ታቀልላላችሁ፣ ሞተሩም በሚወደው ዙር ይቀጥላል። ያንን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው ወደ አንድ ማርሽ መመለስ ይከብደዋል።

ቀጥታው ግን ቀላል ነው፤ አንድ ቀን ይበቃችኋል። ደካማ ጎኑ ኮሮናው የሚታሰርበት ቦታ ነው። በተለመደው ኪት የጎማውን ሽቦዎች በሁለት ላስቲክ መሀል አጣብቆ በ9 ብሎን ይያዛል። ብሎኖቹን በተራ ካጠበቃችሁ ኮሮናው ይጣመማል። ከአንዱ ብሎን በማዶ ወዳለው እየዘለላችሁ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። ከዚያ እርሳስ ቴላዮው ላይ በፕላስተር አስራችሁ ጫፉን ወደ ኮሮናው አስጠጉና ጎማውን አዙሩት። ክፍተቱ እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ አልተስተካከለም። እኔ ይህን ሳላደርግ ነድቼ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሽቦ ተበጥሶብኛል። ሞዞው (የጎማው መሀል ያለው ክፍል) ላይ በቀጥታ የሚታሰር ማያያዣ ካገኛችሁ ላስቲኩን ተዉት።

የሺፍት ኪት ችግር ሌላ ነው። ካቴናዎቹ ይበዛሉ፣ ሁሉም ቀጥ ብለው መሰለፍ አለባቸው። ፔዳሎቹ ይራራቃሉ፤ አንዳንድ ጉልበት ይህን አይወድም። የኋላው ቀጭን ካቴና ለእግር የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ማርሽ ስትቀይሩ ነዳጅ መስጠት አቁሙ፣ ፍሪሲዮን ያዙ። ነዳጅ እየሰጣችሁ ከቀየራችሁ ካቴናው አንድ ቀን ይበጠሳል።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ አለ። በሺፍት ኪት የኋላው ጎማ ከሞተሩ ነፃ ሆኖ ይንከባለላል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አይዛችሁም፤ በቀጥታው ግን ነዳጅ ስትለቁ ራሱ ያዘገያችኋል። ስለዚህ ሺፍት ኪት ከመግጠማችሁ በፊት የሁለቱም ጎማ ፍሬን ጥሩ ይሁን። ገፍቶ ማስነሳትም አይሠራም፤ ፔዳል መምታት ወይም በገመድ የሚነሳ ማስነሻ ያስፈልጋል።

መንገዳችሁ ሜዳ ከሆነ ቀጥታውን ግዙ፤ ኮሮናውን ከ36 እስከ 44 ባለው ውስጥ ምረጡ። ዳገቱ አንድ ብቻ ከሆነና እግራችሁ ትንሽ ማገዝ ከቻለ ባለ 44ቱን ይዛችሁ ቆዩ። በየቀኑ ረጅም ዳገት የምትወጡ ከሆነ ግን ሺፍት ኪቱን ያለ ማመንታት ግዙ። የኋላ ማርሾቹ የብረት ይሁኑ፣ ቦርሳችሁ ውስጥም ትርፍ ካቴናና መፍቻው አይጥፋ።