ስድስተኛውን አባት ላገኙልኝ መሪጌታ፣ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ይሄን ፖስት እጽፋለሁ እጽፋለሁ ስል ሁለት ዓመት አለፈ፣ ዛሬ ግን አንድ የስራ ባልደረባዬ «የአያቶቼን ነገር የሚያጣራልኝ ሰው አጣሁ» ብላ ስትጨነቅ ሳይ በቃ ማታውኑ ልጻፈው ብዬ ቁጭ አልኩ። ረዘም ይላል፣ የዘር ሐረጉን የሚፈልግ ሰው ግን እስከመጨረሻው ያንብበው።

እኔን የዘር ቆጠራ ነገር የያዘኝ የ11 ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ የመንዝ ሰው ነች፣ ማማ ምድር። አንድ ቀን ለአክስቴ ሽማግሌ መጣ፣ ልጁም ጨዋ ቤተሰቡም ደህና፣ ሁሉም ደስ ብሎታል፣ አያቴ ግን «ቆይ እስኪ እንቆጣጠር» አለችና እጇን ዘርግታ በአውራ ጣቷ የሌላውን ጣቷን አንጓ እየነካች እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ እያለች ወደላይ ወጣች፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱም በልጁ በኩል እንደዚያው ቆጠረ፣ አምስተኛው ላይ ሁለቱም አንድ ስም ጠሩ። ቤቱ ዝም አለ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም፣ ስለዚህ ቀረ፣ ቡና ተጠጥቶ በሰላም ተለያዩ። አክስቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ ግን የገረመኝ ያ ሁሉ ስም አያቴ ጣት ላይ መቀመጡ ነው፣ ማታ የሂሳብ ደብተሬን ከኋላ ገልብጬ «ድገሚልኝ» አልኳትና ጻፍኩት። ያ ደብተር አሁንም አለኝ።

ከዚያ ወዲህ 40 ዓመት ሊሞላ ነው፣ ለቅሶ ቤት ስሄድ፣ ተዝካር ስሄድ፣ ሰርግ ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ማስታወሻ አይጠፋም። ትልልቅ ሰዎች መቼ ተወለድክ ሲባሉ ዓመተ ምህረት አይነግሯችሁም፣ «የህዳር በሽታ ጊዜ ታቅፋኝ ነበር» ካሉ 1911 ነው፣ «ሰገሌ የዘመተው አባቴ» ካሉ 1909 ነው፣ «ክፉ ቀን» ካሉ ከ1880 እስከ 1884 ያለው ነው፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ህዝብ ያለቀበት ዘመን። እነዚህን እንደ ችካል ተክላችሁ ነው ሌላውን የምትለኩት። ድሮ እኮ ይሄ እውቀት የእንጀራ ጉዳይ ነበር፣ በመንዝም በጎጃምም በጎንደርም አጽመ ርስት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም ቆጥሮ ካላስረዳ መሬት አያገኝም፣ ዳኛ ፊት ቆሞ ነው የሚቆጥረው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ መሬቱ የህዝብ ሆነ፣ ለጭሰኛው ትልቅ ነገር ነው፣ የመቁጠሩ ነገር ግን የዚያኑ ቀን ስራ ፈታ፣ የሚያውቁት አረጁ፣ ልጆቹም አልጠየቁም። ወረቀት ያለውም ባላባት ያስብለኛል ብሎ ፈርቶ ያቃጠለ አለ፣ በኛ ቤተሰብ አንድ ሳጥን ሙሉ እንደዚያ ጠፍቷል፣ ትዝ ሲለኝ እስካሁን ያመኛል።

አያቴ ከኔ አምስተኛ እስከሆነው ድረስ በእርግጠኝነት ትጠራለች። ስድስተኛው ላይ ግን የምታውቀው የፈረስ ስሙን ብቻ ነው፣ የክርስትና ስሙን አታውቅም፣ የሚስቱንም አታውቅም። «አባቴ ያውቅ ነበር፣ እኔ ሳልጠይቀው ሞተ» ትል ነበር። እሷም አረፈች። እኔ እዚያው ስድስተኛው ላይ ስንት ዓመት ቆምኩ።

መሀል ላይ ክፉኛ ተጎድቻለሁ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ «የዘር ሐረግ እናዘጋጃለን» የሚል ሰው ጋ ሄጄ ደህና ብር ከፍዬ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ በወርቃማ ቀለም የታተመ፣ ፍሬም የገባ ሰንጠረዥ ሰጠኝ፣ ከኔ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ንጉሥ ይኩኖ አምላክ ጋ ይደርሳል። አንድ መንደር ሳይሄድ፣ አንድ ሽማግሌ ሳይጠይቅ! አያቴ በጣቷ የቆጠረቻቸው አምስቱ እንኳን ሁለቱ ቦታቸውን ተቀያይረዋል። እናቴ እያየች «እነዚህ የማን ናቸው» ስትል አንገቴን ደፋሁ። አሁን ሶፋ ኋላ ነው ያለው።

መሪጌታን ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ በአንድ ዘመዳችን ተዝካር ላይ ነው። አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፣ የቅኔ መምህር ነበሩ፣ የድሮ ብራና አንብበው ይተረጉማሉ፣ የተበላሸ ይጠግናሉ፣ የዘር ጉዳይ ለያዘው ሰው ደግሞ አብረው ወርደው ያጣራሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣ ነግረውኛል፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

መጀመሪያ ቀን ደብተሬን ሰጠኋቸው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቃል ሳይናገሩ ገለበጡ፣ ከዚያ «ልጄ፣ ይሄን የጻፍሽው ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ ነው፣ የሰማሽው የቱ ነው ያነበብሽውስ የቱ ነው?» አሉኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም። አዲስ ደብተር አስገዙኝና ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ፣ ከአፍ የተሰማ በእርሳስ፣ ተጽፎ በአይን የታየ በእስክሪብቶ፣ ጎኑ ላይ ማን ነገረኝ፣ የት፣ መቼ። ሁለት ሰው ለየብቻ ተመሳሳይ ከነገረኝ ከስሩ ይሰመርበታል። ብልጭልጭ ሰንጠረዥ የለም፣ ወርቅ የለም። የተከበረ ሰው ዘመድ ሊያደርጉኝም አልሞከሩም።

ከዚያ ስለ አያቴ ንግግር ጠየቁኝ፣ ስም ብቻ ሳይሆን ምን ምን ትል ነበር ብለው። ያኔ ነው ያስታወስኩት፣ አያቴ እህል ሲደፋ ካየች የምትለው ነገር ነበራት፣ «በክፉ ቀን ማርያማችንን በእህል ለወጥናት፣ ቆላ ወረደች፣ እህል አትድፉ» ትላለች። እኛ ልጆቹ ስዕል ይመስለን ነበር፣ ትርጉሙን ጠይቄያት አላውቅም። መሪጌታ ይሄን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁና «ማርያም ያለችው ስዕል ላይሆን ይችላል፣ ተአምረ ማርያም ይሆናል፣ መጽሐፍ ነው የለወጡት» አሉ። ሰውነቴን ነው የወረረኝ።

እና በ2015 ጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ ተነሳን፣ እኔ፣ የአጎቴ ልጅና መሪጌታ፣ ደብረ ብርሃንን አልፈን በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ያደርንበት ቤት ባና ደራርበውልን ነው ሌሊቱ የነጋው። መሪጌታ ከመነሳታችን በፊት የቤተ ክህነት ደብዳቤ አስጽፈው ነበር፣ የየደብሩን ሰበካ ጉባኤም ሳያስፈቅዱ አንድ መጽሐፍ አይነኩም። ከመንዝ አፋፍ ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ ይዘን ሦስት ደብር ጠየቅን፣ ምንም የለም። አራተኛው ላይ (የደብሩን ስም ሆን ብዬ ነው የማልጠራው፣ የብራና ሌባ የት እንዳለ አይታወቅም) ቄሰ ገበዙ አንድ አሮጌ ተአምረ ማርያም ከእቃ ቤት አውጥተው ደጀ ሰላም ድረስ አመጡልን፣ በቆዳ ማኅደር ውስጥ፣ የእንጨት ገበታው ተሰንጥቆ በጅማት የተሰፋ።

እዚህ ጋ ላስረዳችሁ፣ ተአምረ ማርያም ላይ እያንዳንዱ ተአምር ሲጀምር ጸሎቷና በረከቷ ከእገሌ ጋር ይሁን ይላል፣ እገሌ የሚባለው መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ነው፣ ስለዚህ ስሙ በየተአምሩ ይደጋገማል። መጽሐፉ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የድሮውን ስም በምላጭ ይፍቅና የራሱን ያስጽፋል። መሪጌታ የሞባይሌን ባትሪ አስበርተው ከላይ ሳይሆን ከጎን ብራናው ላይ አጋድመው ያዙት፣ ያኔ ስሙ ያለበት ቦታ ሁሉ ሻካራ ሆኖ ታየ፣ ጸጉሩ ቆሞ፣ ቀለሙ ፈንጠር ብሎ፣ ከዙሪያው የተለየ እጅ ጽሁፍ። «ተፍቋል» አሉ። ቅጠል ገለጡ፣ ተፍቋል። ገለጡ፣ ተፍቋል። ይሄ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀጠለ፣ የአጎቴ ልጅ ተስፋ ቆርጦ ወጣ፣ ቄሰ ገበዙም ጸሃዩ እያዘቀዘቀ ነው እያሉ ነው። እሳቸው ግን አንድም ቅጠል አልዘለሉም። ወደ መጨረሻው ሁለት ቅጠል የሰም ጠብታ አጣብቋቸው ነበር፣ በጉልበት አላላቀቁም፣ ቄሰ ገበዙን አስፈቅደው በትንፋሻቸው እያሞቁ በጥፍራቸው ቀስ እያሉ ለያዩዋቸው፣ የሚፍቀው ሰው ያኔም ተጣብቆበት ዘሎት ይመስለኛል፣ ስሙ እዚያ አለ። ሳይነካ። በቀይ ቀለም። «ወልደ» ብሎ የሚጀምር የክርስትና ስም፣ ቀጥሎ «ወብእሲቱ ወለተ» ብሎ የሚስቱ። ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝና ምንም ሳይሉ ውሃ አስመጡልኝ።

እኔ ወዲያው ደብተሬን አወጣሁ፣ እሳቸው ግን «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ያንቺ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አሉ። በዚያ ሰዓት ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፣ አሁን ግን ከምንም በላይ የማመሰግናቸው በዚህ ነው። መጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ በደካማ እጅ፣ በአማርኛ፣ አባት ለሁለት ልጆቹ መሬት ሲያካፍል የተጻፈ ውል አገኙ፣ የአባትየው የክርስትና ስም ያው ነው፣ የፈረስ ስሙም አብሮ አለ፣ አያቴ ትጠራው የነበረው ራሱ። ከልጆቹ አንዱ ደግሞ የኛ አምስተኛ ነው። ያኔ ነው «አሁን በእስክሪብቶ ጻፊ» ያሉኝ።

ዘመኑንም እዚያው አወጡት። መጽሐፉ የተጻፈው በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ መንግሥት፣ ጳጳሱ አባ ሰላማ ሳሉ፣ በዘመነ ማርቆስ ነው ይላል። አባ ሰላማ የመጡት 1834 ነው፣ ሣህለ ሥላሴ ያረፉት 1840 ጥቅምት ነው፣ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ነው የሚመጣው፣ ዓመተ ምህረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለአራት ስታካፍሉ 2 የሚተርፈው፣ ስለዚህ ወይ 1834 ወይ 1838። እኔ አንዱን ልምረጥ ስል እሳቸው «ሁለቱንም ጻፊ» አሉ። በክፉ ቀን ተለወጠ የሚለውን ደግሞ እስካሁን በእርሳስ ነው ያስተዉኝ፣ የአያቴ ቃል ብቻ ስለሆነ። እኔ በልቤ አምኜዋለሁ፣ የአያቴ አባት በክፉ ቀን ልጅ ነበር፣ ያቺ ማርያም ቆላ ስትወርድ ያየው እሱ ነው።

የአጎቴ ልጅ በስሜት ተነስቶ መጽሐፉን ገዝተን እንውሰደው እንዴ ሲል መሪጌታ ተቆጡ፣ የተቆጡት ያንን ጊዜ ብቻ ነው። «እህሉ ተበልቷል፣ መጽሐፉ የደብሩ ነው» አሉት። ፎቶ በፈቃድ አነሳን፣ ለማኅደሩ መጠገኛ ብር ሰጠን፣ ሰንጣቃውን ገበታ እሳቸው በነጻ ጠግነውት ተመለስን።

እሺ አሁን ለምትፈልጓቸው። ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ያሉትን ትልልቅ ሰዎች በስልካችሁ ቅዱ፣ ስም ብቻ ሳይሆን ተረቱንም ስድቡንም ምርቃቱንም። የክርስትና ስም ጠይቁ፣ የዓለም ስም ብቻ ይዛችሁ ብራና ላይ ሰው አታገኙም። ጋብቻ ውል፣ የርስት ክርክር ወረቀት፣ የአርበኝነት መታወቂያ ካለ ስካን አድርጉ። መሄድ ለማትችሉ ደግሞ፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የብዙ ደብርና ገዳም መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነስተዋል፣ ብዙዎቹን አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያሳያል፣ መሪጌታ ከዚያ የወረደ ፎቶም ያነቡላችኋል። ውጪ ያላችሁ በአፕ የቤተሰብ ዛፍ ስትሰሩ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጋችሁ አትሙሉት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ እንደዚያ ሞልታ አባትና ልጅ የተለያየ ቤተሰብ ሆነው ነው ያገኘናቸው፣ እሱን ለማስተካከል ክረምቱን ፈጀን።

ክፍያቸው የቀን ጉልበታቸውና የመንገድ ወጪ ብቻ ነው፣ ቢያገኙም ባያገኙም ያው ነው፣ እና ካላገኙ «አላገኘሁም» ብለው ጽፈው ይሰጧችኋል። አትቸኩሉባቸው፣ በአቢይ ጾም ስራ አይቀበሉም፣ ከዳግማይ ትንሳኤ በኋላ ደውሉ።

መሪጌታ፣ ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ ነው፣ እግዚአብሔር እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ አይንዎን ይጠብቅልኝ። እናቴ በየወሩ በ21 ስሙንም የሚስቱንም ስም ጠርታ ነው የምትጸልየው፣ ሰማንያ ዓመቷ ነው፣ ይሄን የጀመረችው ከጉዟችን በኋላ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ውሉ ላይ ያለው ሁለተኛው ልጅ፣ የአምስተኛው አባቴ ወንድም፣ እኛ ጨርሶ ሰምተነው የማናውቀው ሰው ነው፣ አንድ የመንዝ ሽማግሌ ወደ ቡልጋ ሳይሻገር አልቀረም ብለውኛል፣ ያም በእርሳስ ነው ያለው። ከእናንተ መሀል አባቶቹ ከማማ ምድር ወደ ቡልጋ ገቡ ሲባል የሰማ ካለ፣ ቆጥሮ የሚያውቀውን ያህል ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ ስሙን እነግረዋለሁ፣ እንቆጣጠር።