የእናቴን የብር መስቀል የጠገነልኝ የቸርችል ጎዳና ሱቅ

እናቴ በየገናው ሌሊት ስታስቀድስ በአውራ ጣቷ እያሻሸች የምትይዘው የብር የአንገት መስቀል ነበራት። ካረፈች በኋላ ሣጥኗን ስንከፍት ማንጠልጠያው ተሰብሮ፣ አንዱ ክንዱም ጎብጦ አገኘነው፤ ያለ እርሷ የምናከብረው የመጀመሪያው ገና ሳይደርስ ላደርገው ስለ ፈለግሁ የሚጠግንልኝ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ባለቤት መስቀሉን ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ አቅልጦ አዲስ ሊሠራልኝ እንደሚችል ነገረኝ። በቅንነት ያለው ይመስለኛል፤ እኔ ግን መስቀሉን በመዳፌ ጨብጬ ወጣሁ።

ጾመ ነቢያት በገባበት ዕለት፣ ኅዳር 15 ቀን፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ታች በቸርችል ጎዳና ከሚገኙት የብር ጌጥ ሱቆች ወደ አንዱ ገባሁ። አንጥረኛው ሽማግሌ መስቀሉን በማጉያ መነጽር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና «ልጄ፣ ጥቁረቱን ሁሉ ላንሣው ወይስ በሐረጉ ውስጥ ያለውን ልተወው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር እየተዋሐደ መሆኑን፣ በሐረጉ ቦይ የተቀመጠው ጥቁረት ግን ቅርጹን አጉልቶ ስለሚያሳይ ጨርሶ ከተፋቀ ሐረጉ እንደሚደበዝዝ፣ በኃይል መወልወልም ከብሩ ከራሱ እየላጠ እንደሚወስድ አስረዱኝ። ለዓመታት በእናቴ ጣት ታሽቶ የሳሳውን ጠርዝ እንዳይነኩብኝ ለመንኋቸው፤ አልነኩትም። ይህን ሱቅ እንዳመሰግን ያደረገኝ ከሥራው በፊት የመጣው ያ ጥያቄ ነው።

መስቀሉ ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ሊሆን እንደሚችልም ነገሩኝ። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ገንዘብ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ በየትኛውም ዘመን ቢመታ በፈረንጆች አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመት የሚቀረጽበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝንና ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ሲሆን፣ የድሮ አንጥረኞች እያቀለጡ መስቀልና ጌጣጌጥ ይሠሩበት ነበር። መስቀሉ ለእናቴ የደረሳት ከአያቴ ስለሆነ፣ ያን ስሰማ ለአያቴ ስለ ተጣለው ጥሎሽ እናቴ ትነግረን የነበረው ሁሉ ትዝ አለኝ።

ጉብጠቱ ተቃንቷል፤ የማንጠልጠያው ብየዳም በጣት ሲዳሰስ አይታወቅም። የከፈልሁት 1,500 ብር ለእንዲህ ያለ ሥራ አይበዛም። ቅር ያለኝ ታኅሣሥ 20 ይደርሳል የተባለው መስቀል የተሰጠኝ ታኅሣሥ 27 መሆኑና ደረሰኙ ላይ ክብደቱ አለመጻፉ ነው፤ ስጠይቃቸው ግን ፊቴ መዝነው በእጃቸው ጽፈውልኛል። የወላጅ ማስታወሻ ለጥገና የሚሰጥ ሰው የፊቱንና የጀርባውን ፎቶግራፍ አስቀድሞ ያንሣ፣ ክብደቱንም ያስጽፍ፤ በዓል ሲቃረብ ሥራ ስለሚበዛባቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢሄድ ይሻለዋል።

በገና ዋዜማ ጥቁር ማተብ አስገብቼ አደረግሁት። በቅዳሴው መካከል ታናሽ እኅቴ እጇን ሰድዳ የሳሳውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ለፋሲካ እርሷ እንድታደርገው ተስማምተናል።