የጥንቸል ቤት፦ የሽቦ ኬጅ ልግዛ፣ አናጢ ላሠራ ወይስ ብየዳ ቤት ልዘዝ?

ጥንቸል ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ከጥንቸሏ በፊት ቤቷን አዘጋጁ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ጥንቸሏ በካርቶን ትመጣለች። ካርቶኑ በሽንት ይበሰብሳል፤ የተረፈውን ደግሞ ትበላዋለች። ከዚያ በጥድፊያ የተገኘው ኬጅ ይገዛል። መሀል አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ ተሠርቶ የሚሸጥ የሽቦ ኬጅ፣ አናጢ የሚሠራው የእንጨት ቤት፣ ወይም ብየዳ ቤት የሚታዘዝ ተጣጣፊ አጥር።

እኔ መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው። ውሻና ድመት መዳፋቸው ሥር እንደ ትራስ የሚያገለግል ወፍራም ሥጋ አላቸው። ጥንቸል የላትም። እግሯን የሚጠብቅላት ፀጉሯ ብቻ ነው። ሽቦ ላይ ስትውልና ስታድር ፀጉሩ ይሳሳል፣ ቆዳው ይቀላል፣ ሲቆይ ይቆስላል። ጥንቸል ያለው ሰው ቤት ከሄዳችሁ የኋላ እግሯን ቀስ ብላችሁ ገልብጡና ተረከዟን እዩ። ፀጉር የለቀቀው፣ የቀላና የሚያብረቀርቅ ቦታ ካለ ወለሉ እየጎዳት ነው።

የሽቦ ኬጁ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ የምናገኘው አብዛኛው ለወፍ ወይም ለዶሮ ታስቦ የተሠራ ነው። ጥሩ ጎን የለውም አልልም። ዛሬ ገዝታችሁ ዛሬውኑ ትጠቀሙበታላችሁ። ከሥሩ የሚሳብ ትሪ ካለው ጽዳቱ ይቀላል። የጥንቸል ሽንት የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ደግሞ ኮምጣጤ ያነሳዋል። ስፋቱ ግን አያወላዳም። የእንግሊዙ የጥንቸሎች ደህንነት ማኅበር ለሁለት ጥንቸል የሚመክረው 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ቦታ ነው። ይህን የሚያክል ኬጅ ሱቅ ውስጥ አታገኙም። ሻጩ ባለ ሁለት ፎቁን አሳይቶ «ይሄ እኮ ሰፊ ነው» ቢላችሁ አትቀበሉት። ጥንቸል የምትፈልገው መሮጫ ነው፣ ፎቅ የመሮጫን ቦታ አይተካም። እኔ ኬጅ የምገዛው ሐኪም ጋ መውሰጃ ወይም ቤቷ ሲጸዳ ማቆያ እንዲሆነኝ ብቻ ነው። ለዚያም ቢሆን ወለሉ ላይ ወፍራም ጨርቅ አነጥፋለሁ።

ግቢ ያላችሁ አናጢ ብታሠሩ ያዋጣችኋል። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ያንገበግባል። ለጥንቸል ግን ብርዱ ብዙም አያሳስብም፤ ደረቅ ጭድ ከበዛላት ትችለዋለች። የሚጎዳት እርጥበትና ንፋስ ነው። ስለዚህ ቤቱ እግር ኖሮት ከመሬት ከፍ ይበል። ክፍቱ ፊቱ የክረምቱ ዝናብ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒው ይዙር። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ ኮርኒስ ይግባለት። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ጥንቸል ትጨነቃለች፣ በመጋቢት ፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

አናጢው «በቺፕውድ ልሥራልህ፣ ይረክሳል» ካላችሁ እምቢ በሉ። ቺፕውድ ሽንት ሲጠጣ ያብጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን ስለማያቆም ያገኘችውን ሁሉ ትከረክማለች፣ ሙጫውም አብሮ ወደ ሆዷ ይገባል። በሞራሌና በደህና ጣውላ ይሠራ። መስኮቱ ላይ ለዶሮ የሚሸጠውን ቀጭን ባለ ስድስት ማዕዘን ሽቦ አትምቱ። እሱ ዶሮ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ የሰፈር ውሻ እንዳይገባ አያግድም። በብየዳ የተያያዘውን ጠንካራ ፍርግርግ ግዙ።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በልማት ከፈረሰ በኋላ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ብዙ ሰው ከግቢ ወጥቶ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ በተለይ ለተከራይ፣ ሦስተኛውን ምርጫ ያለማመንታት እመክራለሁ። ብየዳ ቤት ሂዱና እያንዳንዱ 1 ሜትር ስፋት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የብረት ፓነል እዘዙ። በማጠፊያ የሚያያዙ 10 ፓነሎች 3 በ2 ሜትር ይከቡላችኋል። ሳሎኑ ጠባብ ከሆነ በ8ቱ 2 በ2 ታደርጉታላችሁ። እንግዳ ሲመጣ ይታጠፋል፤ ቤት ስትቀይሩም አይሱዙው ላይ ተኝቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ከእንጨቱ ሊወደድ ይችላል፣ ግን ሽንት አይጠጣም፣ አይከረከምም።

ይህ አጥር የራሱ ወለል የለውም፤ ጥቅሙም እሱ ነው። ወለሉን እናንተ ትመርጣላችሁ። ሴራሚክ ያንሸራትታታልና የጥጥ ምንጣፍ አንጥፉበት። የፕላስቲክ ምንጣፍ ግን ትበላዋለች፣ አንጀቷን ሊዘጋው ይችላል። ጥግ ላይ ዝቅ ያለ ሳፋ አስቀምጡና ሰጋቱራ ሙሉበት። ድርቆሹን ከሳፋው አጠገብ አድርጉት፤ ጥንቸል እየበላች መጸዳዳት ትወዳለች፣ ቦታውንም ቶሎ ትለምዳለች። ሰጋቱራ ከአናጢ ስትወስዱ የምን እንጨት እንደሆነ ጠይቁ። የጽድና የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባዋ ጥሩ አይደለም። መደበቂያ የምትሆን አንድ የጣውላ ሳጥንም ጨምሩላት። የቻርጀርና የቴሌቪዥን ገመድ ከአጥሩ ርቆ ይሁን።

ወንድና ሴት ከያዛችሁ ሁለት ፓነል ጨምራችሁ መሀሉን ክፈሉት። እርግዝናዋ 31 ቀን ገደማ ነው፣ በወለደች ዕለትም ደግማ ልታረግዝ ትችላለች።

ለበያጁ ሦስት ነገር ንገሩት። በብረቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ይሁን፣ በአፍንጫዋ ገፍታ የምትከፍተው አይሁን። ቀለም የሚቀባ ከሆነም እርሳስ የሌለበት መሆኑ ጣሳው ላይ የተጻፈበት ይሁን። ስትረከቡ አሮጌ ሹራብ ይዛችሁ ሂዱ። በእያንዳንዱ ጠርዝና ብየዳ ላይ አሹት። ክሩ የተያዘበት ቦታ ሁሉ እንደገና በግራይንደር ይለስልስ። ቀሪውን ሒሳብ ከዚያ በኋላ ክፈሉ።