የዝናብ መጥረጊያ፦ ሙሉውን ወይስ ጎማውን ብቻ?

አዲስ አበባ ወዳለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ለዋይፐር (ለዝናብ መጥረጊያ) ከወጣችሁ ሁለት ምርጫ አለ፦ ሙሉውን መግዛት ወይም ጎማውን ብቻ። ጎማውን የሚይዘው ባለ ብረቱ ክንፍ ካልተጣመመና መጋጠሚያዎቹ ካልላሉ፣ እኛ ጎማውን ብቻ መቀየር እንመርጣለን።

አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱ ብቻ አይበቃም፤ የጎማው ጀርባ ስፋትም ይለካ። 6 እና 8 ሚሊሜትር የተለመዱ ናቸው፤ ጠባቡ ሰፊ ክንፍ ውስጥ ይወላገዳል፣ ሰፊው ጭራሽ አይገባም።

አሮጌው ጎማ ሲሳብ በብዙዎቹ ላይ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አብረው ይወጣሉ። እባካችሁ አትጣሏቸው! አንዳንዱ መተኪያ ያለ እነሱ ነው የሚሸጠው። ጉብጠታቸው እንደነበረው ይመለስ። የክንፉ ጥርስ ጎማው ጫፍ ላይ ካለው ቦታ ካልተቆለፈ፣ ጎማው ሾልኮ ይወጣና ብረቱ መስታወቱን ይጭራል። ሥራው እስኪያልቅ ፓራብሬዛው ላይ ወፍራም ፎጣ ይነጠፍ፤ ክንፉን የሚይዘው ክንድ አምልጦ ከመታው ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሙሉውን ከገዛችሁ፣ ጠፍጣፋው የዋይፐር ዓይነት ጥሩ ነው፤ ርካሹ ግን ጫፉ መስታወቱን በደንብ አይነካም፣ መንጠቆውም ከክንዱ ጋር ላይገጥም ይችላል።

አዲሱ ጎማ እየዘለለ ከጠረገ፣ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ያለውን ቅባት በአልኮል አጽዱ። ግዢው ግንቦት ላይ ቢሆን ይሻላል፤ የበጋው ፀሐይ ያደረቀው ጎማ ለሰኔ ዝናብ አይሆንም።