ለመንገደኛ ወፎች የለጠፍነው ነጠብጣብ ስቲከር

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ሕንፃችሁ ፊት ለፊቱ ዛፍ ካለ፣ መስታወቱም ሰፊ ከሆነ፣ ወፎች ከመስታወቱ ጋር እንዳይጋጩ የሚለጠፈውን ይህን ስቲከር አሠሩ። እኛ ያስቆረጥነው ሜክሲኮ ነው፤ ከዋቢ ሸበሌ ሆቴል ወደ ውስጥ ገባ ሲባል ካሉት ማስታወቂያ ቤቶች በአንዱ። ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ ዋጋቸውም አይጎዳም። ግን ስቲከሩ ብቻውን ብዙ አይፈይድም። የት እንደሚለጠፍ፣ ምን ያህል እንደሚቀራረብ፣ ከሁሉም በላይ ጎረቤት መስማማቱ ነው ወሳኙ። ስለዚህ ስለ ዕቃውም ስለ ሰዉም እጽፋለሁ።

የምኖረው ከስታዲየም ወደ ፍልውሃ በሚወስደው በኩል ነው። የሕንፃችን ደረጃ ከታች እስከ ላይ በመስታወት የተሸፈነ ነው፤ የመግቢያው አዳራሽም እንደዚሁ። ፊት ለፊቱ ትልልቅ ጽዶችና አንድ ያረጀ ጃካራንዳ አሉ። ጠዋት ከውጭ ስታዩት ዛፎቹ ከነሰማዩ መስታወቱ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ሰው ነጸብራቅ መሆኑን ያውቃል። ወፍ አታውቅም። ሌላ ዛፍ ያለ መስሏት በሙሉ ፍጥነቷ ትሄድበታለች።

ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩት ወፎች ብዙም አይጋጩም። እርግቡም፣ ጠዋት ጠዋት እየጮኸ የሚያልፈው ጋጋኖም ሰፈሩን ለምደውታል። ችግሩ የሚመጣው መስከረም ሲገባ ነው። እስከ ኅዳር ድረስ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን የሸሹ ወፎች በላያችን ያልፋሉ። አንዳንዶቹ እዚሁ ይከርማሉ፤ ሌሎቹ ወደ ደቡብ ይቀጥላሉ። ንስሩና ሽመላው በቀን፣ ሞቃቱ አየር ላይ እየተንሳፈፉ ነው የሚጓዙት። በቀይ ባሕርና በስምጥ ሸለቆ መስመር በየዓመቱ 37 ዓይነት እንዲህ የሚንሳፈፉ ወፎች ይተላለፋሉ፤ ቁጥራቸውም ከ1.5 ሚሊዮን ይበልጣል። እነዚህ ከፍ ብለው ስለሚያልፉ የእኛ መስታወት አያሰጋቸውም። ትንንሾቹ ግን አብዛኞቹ በሌሊት ይበርራሉ። ሊነጋ ሲል ደክሟቸውና ርቧቸው ያገኙት አረንጓዴ ነገር ላይ ያርፋሉ። መሀል አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አረንጓዴው የት እንዳለ ይታወቃል፤ የጊዮን ግቢ፣ የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ በየሕንፃው ሥር የተረፈው ዛፍ። ከዚያ ምግብ ፍለጋ ከዛፍ ወደ ዛፍ ማለት ሲጀምሩ መስታወቱ ይጠብቃቸዋል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በዘበኛችን በአባባ ምክንያት ነው። አባባ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ግቢውን ይጠርጋሉ። የወደቁትን ወፎች ከቅጠሉ ጋር ጠርገው መጣል አልሆንላቸው ብሎ በካርቶን ያስቀምጧቸው ነበር። አንድ ጠዋት ጠርተው አሳዩኝ። «ልጄ፣ እነዚህ የሰፈራችን ወፎች አይደሉም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ አረንጓዴ ቢጫ የሆነች፣ አሥር ግራም የማትሞላ ወፍ ነበረች። ፎቶዋን ሜርሊን የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ላይ ብጭነው ዊሎው ዋርብለር ናት አለኝ። ሰሜን አውሮፓና ሩሲያ የምትፈለፈል ወፍ ናት። ሌላው ብላክካፕ ነበር፤ አናቱ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋ የሚመስል ግራጫ ወፍ። ክንፉን ዘርግቼ አየሁት። አንዲት ላባ አልጎደለበትም። በረሃውን ሁሉ አቋርጦ እኛ ደረጃ ሥር ነው የሞተው። ከዚያ ወዲያ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

በካናዳዋ ቶሮንቶ ከ1993 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፍላፕ በሚባል ማኅበር የታቀፉ በጎ ፈቃደኞች ሊነጋጋ ሲል በየፎቁ ሥር እየዞሩ የተጋጩ ወፎችን ያነሣሉ፤ የሞተውን ይመዘግባሉ፣ የተረፈውን ያክማሉ። አባባ ማንም ሳይነግራቸው ያንኑ ሥራ ነበር የሚሠሩት። በአሜሪካ ብቻ ከመስታወት ጋር ተጋጭተው የሚሞቱት ወፎች በ2014 በወጣ ጥናት በዓመት ከ365 ሚሊዮን እስከ 988 ሚሊዮን ተገምተዋል። ቺካጎ ውስጥ ማኮርሚክ ፕሌስ የሚባል ትልቅ የስብሰባ ማዕከል አለ። በኦክቶበር 2023፣ በአንዲት ሌሊት፣ አንዱ ሕንፃው ላይ አንድ ሺህ የሚጠጉ ወፎች ተጋጭተው ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት መስታወቱ ላይ ነጠብጣብ ተለጠፈበት። በዚያው ወቅት የሞቱት ወፎች ቁጥር 95 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። ከውጭ የሚመጣው ታዋቂው ምርት ፌዘር ፍሬንድሊ የሚባል የካናዳ ሥራ ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ አላገኘሁትም። ግን ነገሩ ምሥጢር የለውም፤ ስቲከርና መቁረጫ ማሽን ያለው ማስታወቂያ ቤት ሁሉ ይሠራዋል። ዋናው ልኩ ነው። ነጠብጣቡ በወርዱ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በአንዱና በሌላው መካከል ወደ ጎንም ወደ ታችም ከ5 ሴንቲ ሜትር የሰፋ ክፍተት አይኑር። ከዚያ ከሰፋ ትንሽ ወፍ መሹለክ የምትችል ይመስላታል። የሚለጠፈው ደግሞ ከውጭ በኩል ነው። ከውስጥ ከሆነ ነጸብራቁ ይሸፍነዋል፤ ወፏ ዛፉን እንጂ ነጠብጣቡን አታይም።

አንዳንድ ሱቆች የጭልፊት ቅርጽ ያለው ስቲከር አንድ ሁለት ለጥፉ፣ ወፍ ፈርታ ትሸሻለች ይላሉ። አትግዙ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ላይ የሠራው አሜሪካዊው የወፍ ተመራማሪ ዳንኤል ክሌም፣ አንድ ሁለት እንዲህ ዓይነት ቅርጽ ብዙም እንደማይረዳ ካሳየ ቆይቷል። ወፏ ጭልፊቱን አልፋ ከጎኑ ባለው ባዶ መስታወት ላይ ትላተማለች።

ማስታወቂያ ቤቱ ውስጥ ያስተናገደን ልጅ ገና ሳልጨርስ ነገሩ ገባው። ሁለት ዓይነት ስቲከር አወጣ። አንዱ ለአጭር ጊዜ ማስታወቂያ የሚሆነው ርካሹ ነው። ሌላው መኪና ላይ የሚለጠፈው፣ ፀሐይና ዝናብ የሚችለው። «ውጭ ከሆነ ይኼኛውን ውሰዱ፤ ያኛው ዓመት አይቆይላችሁም» አለን። ርካሹን ሸጦልን ዝም ማለት ይችል ነበር። ቀለሙን ነጭ አደረግነው፤ ጥቁር ከሆነ ጥላ ያለበት ነጸብራቅ ላይ ይጠፋል። ማሽኑ ሲቆርጥ ቆሜ አየሁ። ነጠብጣቦቹ ተቆርጠው ካለቁ በኋላ በመካከላቸው ያለው ትርፉ ስቲከር በእጅ ይላጣል። ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ በመርፌ ጫፍ ማዕዘኑን አንሥቶ፣ ቀስ እያለ ሲስበው አንዲት ነጠብጣብ አብራ አልተነሣችም። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያነሣ የሚያጣብቅ ወረቀት ከላይ አለበሰው። ቤት ስትወስዱት ወረቀቱን ከነነጠብጣቡ መስታወት ላይ ማሳረፍ፣ በፕላስቲክ መፋቂያ መጫን፣ ወረቀቱን መላጥ ብቻ ነው። ዋጋው በካሬ ሜትር 950 ብር ነበር፤ መለጠፉን ራሳችን ነው የሠራነው።

ከባዱ ስብሰባው ነበር። ማስታወቂያውን ጽፌ ሊፍቱ በር ላይ ለጠፍኩ። የዓለም መንገደኛ ወፎች ቀን በየዓመቱ በሜይና በኦክቶበር ሁለተኛ ቅዳሜ ይከበራል፤ የ2025ቱ መሪ ሐሳብ ለወፎች የተመቹ ከተሞችና ማኅበረሰቦች የሚል ስለነበር እሱን ከላይ አሰፈርኩት። ሰው ግን የመጣው ስለ ውሃ ታንከሩ ለመነጋገር ነበር። የወፉ ጉዳይ ሲነሣ ሳቅ ተነሣ። አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ «ቤታችንን ፈንጣጣ ልታስወጡበት ነው?» አሉ። ሌላው ጎረቤት «ሰው ተቸግሮ ለወፍ?» አለ። ይህን ጥያቄ አልንቀውም፤ በዚህ ኑሮ ገንዘብ አዋጡ ማለት ቀላል አይደለም። መልሱን የሰጡት አባባ ናቸው። ካርቶኑን ይዘው ገብተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ልጆቹ ተሰበሰቡ። ክርክሩ ስለ ዋጋው ሆኖ ቀረ፤ መለጠፉ አላከራከረም። በቤት እኩል ተዋጣ። እትዬ መልኩን እስካሁን አይወዱትም፤ ድርሻቸውን ግን ቀድመው የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

እስከ ሦስተኛ ፎቅ ብቻ ነው የለጠፍነው። ዛፉ የሚታየው እስከዚያ ነው፤ ግጭቱም የሚበዛው እዚያ ነው። ዕድላችን ሆኖ ለቀለም ቅብ የቆመው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ገና አልፈረሰም ነበር። መስታወቱን በሳሙና አጠብን፣ የደረቀ ቀለም በምላጭ ፋቅን። ወጣቶቹ ከላይ ሲለጥፉ ልጆቹ ከታች ሆነው «ዘመመ! ዘመመ!» ይላሉ። ቅዳሜና እሁዱ በዚሁ አለቀ። ማታ ቡና ተፈላ፤ ለዓመታት በሊፍት ብቻ የምንተያይ ሰዎች ስም ተለዋወጥን።

ከውስጥ ሲታይ ያሰብነውን ያህል አያስጠላም። በሳምንት ውስጥ ዓይን ይለምደዋል፤ ብርሃንም አይቀንስም። ውጤቱ? ዘንድሮ መስከረምና ጥቅምት የአባባ ካርቶን ባዶውን ከረመ ማለት ይቻላል። ስቲከር ባልደረሰበት በጓሮው በኩል ግን አሁንም የሚጋጭ አለ። የራሱን ምስል ጠላት መስሎት መስታወት ሲጠቀጥቅ የሚውለው የሰፈራችን ወፍም ትቶናል፤ እሱን ያሰበው ሰው አልነበረም።

ጉድለት አለው። ፀሐይ መውጫ በኩል ካሉት መስታወቶች ዳርና ዳር ላይ አንዳንድ ነጠብጣቦች ተነሥተዋል። ጥፋቱ ግማሹ የጽዳት ነው፤ በሻካራ ነገር ከተፈገፈገ ይላጣል። አሁን በለስላሳ ጨርቅና በውሃ ብቻ ነው የሚጠረገው። ማስታወቂያ ቤቱም ቅሬታችንን ሰምቶ የተነሡትን ያለ ክፍያ ቆርጦ ሰጠን። ቀጠሮ ላይ ግን ደካማ ናቸው። «ነገ ኑ» ያሉን ነገር ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ደውላችሁ ካላረጋገጣችሁ በከንቱ ትመላለሳላችሁ።

ስቲከሩን የለጠፈ ሰው መብራቱንም ያስብበት። በሌሊት የሚጓዙ ወፎች ወደ ብርሃን ይሳባሉ፤ አቅጣጫ ይጠፋባቸዋል። የእኛ ደረጃ ሌሊቱን ሙሉ ቦግ ብሎ ያድር ነበር። አሁን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሰው ሲያልፍ ብቻ ነው የሚበራው። የመብራት ሂሳቡም ስለቀነሰ በዚህ ላይ የተከራከረ የለም።

ተጋጭታ የደነዘዘች ወፍ ካገኛችሁ ውሃም ምግብም አትስጧት። ቀዳዳ ባለው የጫማ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፋችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ፣ ጸጥ ያለ ቦታ አኑሯት። ብዙዎቹ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይነቃሉ፤ ያኔ ከመስታወት ራቅ ብላችሁ ልቀቋት። አባባ ይህን አሁን ለጎረቤት ሕንፃ ዘበኞችም አስተምረዋል። ልጆቹ ደግሞ በሕይወት ያሉትን ከበረንዳ እየቆጠሩ ኢበርድ ላይ ያስገባሉ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለው የወፍ ጥናት ማዕከል ከ2002 ጀምሮ የሚያካሂደው ምዝገባ ነው፤ ተመራማሪዎች መረጃውን ይጠቀሙበታል።

ለማሠራት ካሰባችሁ ነሐሴ ሳያልቅ እዘዙ፤ መስከረም ላይ ማስታወቂያ ቤቶቹ በበዓል ባነር ይጠመዳሉ። የእያንዳንዱን መስታወት ቁመትና ወርድ ለክታችሁ፣ ጽፋችሁ ሂዱ። የ5 ሴንቲ ሜትሩን ልክ በአፍ አትንገሩ፤ ወረቀት ላይ ሥላችሁ ስጡ። የእኛ ፋይል ኮምፒውተራቸው ላይ አለ። የስታዲየሙ ሕንፃ ነጠብጣብ ካላችሁ ያውቁታል። የጓሮውን በኩል ለማሠራት እኛም መዋጮ ጀምረናል።