ብሬይ ስኩል ዊሊያምስበርግ፦ ሁለቴ ቦታ የቀየረው የእንጨት ትምህርት ቤት (ሪቪው)

ዲሲ አካባቢ ላለን ሰዎች ቨርጂኒያ ያለችው ዊሊያምስበርግ ስትባል መቼም መጀመሪያ የሚመጣልን ቡሽ ጋርደንስ የሚባለው መዝናኛ ፓርክ ነው፣ እኛም ቤት እንደዛው ነው፣ ሰመር ሲደርስ ልጆቹ ሮለር ኮስተር ሮለር ኮስተር እያሉ ያደርቁኛል። ዘንድሮ ግን እዛው ከሄድን አይቀር ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ የሚባለውን የድሮውን ከተማም ካላየን ብዬ ያዝኳቸው፣ ምክንያቴ ደሞ ታሪክ ወዳድ ስለሆንኩ ምናምን አይደለም፣ ስራዬ ቤት ማደስ ነው፣ ኪችን ፍሎር ድራይዎል በረንዳ የተገኘውን እንሰራለን፣ እና ከ260 አመት በላይ የሆነው የእንጨት ቤት ሳይፈርስ ከነቁመናው መኪና ላይ ተጭኖ ሌላ ቦታ ሄዶ ታደሰ ሲባል ሳላየው መቅረት አልቻልኩም።

ቤቱ ብሬይ ስኩል ነው የሚባለው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ልጆች ከተማሩባቸው ህንጻዎች እስካሁን ከቆሙት ሁሉ በእድሜ ትልቁ ይሄ ነው። የተከፈተው በ1760 በፈረንጆቹ ነው፣ አሜሪካ የምትባል አገር ገና ሳትኖር ማለት ነው። የከፈተው ለንደን ያለ የአንግሊካን የበጎ አድራጎት ማህበር ሲሆን ዊሊያምስበርግ ላይ ክፈቱ ብሎ የጠቆማቸው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፣ አዎ መቶ ዶላሩ ላይ ያለው ሰውዬ። አን ዌጀር የምትባል አንዲት መምህርት ብቻዋን ነው የያዘችው፣ በ1774 እስክትሞት ድረስ ከ300 እስከ 400 የሚገመቱ ልጆች አስተምራለች፣ ከሶስት አመት ህፃን ጀምሮ እስከ አስር አመት፣ አብዛኞቹ ባሪያ ሆነው የተወለዱ ጥቂቶቹ ደሞ ነጻ። እሷ ስትሞት ትምህርት ቤቱም አብሮ ተዘጋ። አሁን ቆሞ የምናየው ቤት ውስጥ የተማሩት እስከ 1765 ነው፣ ከዛ በኋላ ወደ ሌላ ቤት ተዛውረዋል።

እዚህ ጋ ግን ማንም እንዳይሸወድ። ማህበሩ ልጆቹን ነጻ ላውጣ ብሎ አይደለም የከፈተው፣ ጥሩ ክርስቲያን ሁኑ ለጌታችሁ ታዘዙ እግዜር የሰጣችሁን ቦታ ተቀበሉ ነው ትምህርቱ። መጽሐፍ ቅዱስና የጸሎት መጽሐፍ ያነባሉ፣ ሴቶቹ ስፌት ይማራሉ። የሚያማምር ታሪክ አይደለም፣ አስጎብኚዎቹም ይሄን ሳያድበሰብሱ ይናገሩታል፣ ወድጄላቸዋለሁ። እኛ አገር የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፣ ፊደል ቆጥረህ ዳዊት የምትደግመው ለጸሎት ተብሎ ነው፣ ግን አንዴ ማንበብ ከቻልክ በኋላ ምን ታንብብ የሚለውን ማን ይቆጣጠርሃል?

አይዛክ ቢ የሚባል ልጅ አለ፣ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ። በ1774 አምልጦ ጠፋ። ባለቤቱ ነኝ ያለው ሰውዬ ጋዜጣ ላይ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ አወጣ፣ እድሜው 18 ወይ 19፣ ቁመቱ አጭር፣ አባቱ ነጻ ሰው ስለነበር እሱም ነጻ የመሆን መብት ያለው ይመስለዋል ይላል፣ ማንበብ ይችላል መጻፉን ግን አላውቅም፣ ቢሆንም የሆነ ሰው የይለፍ ወረቀት ሊሰራለት ይችላል ይላል። ይሄን ታሪክ ለትልቁ ልጄ ስነግረው «ዋው ስለዚህ ማንበቡ ራሱ ምልክት ሆነበት» አለኝ፣ እኔ አስራ ሁለት አመት ሙሉ የቤት ስራ ስራ ስል ከርሜ ማንበብ ምን እንደሚጠቅም ያሳመነው ይሄ ሆነ።

ወደ ቤቱ ልመለስ፣ ለኔ የዚህ ጉብኝት ስጋው እሱ ነው።

ቤቱ መጀመሪያ የነበረው ፕሪንስ ጆርጅ ስትሪት ላይ ነው፣ ዊሊያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ አጠገብ። በ1930 ኮሌጁ እዛ ቦታ ላይ ለሴት ተማሪዎች ዶርም መስራት ፈለገ። ያኔ በቀላሉ አፍርሰው ሊጥሉት ይችሉ ነበር፣ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። አላፈረሱትም፣ ነቅለው እዛው መንገድ ላይ ትንሽ ወረድ አድርገው አስቀመጡት፣ ቀጠሉበት፣ አሰፉት፣ ማደሪያ አደረጉት፣ በኋላ ደሞ የወታደራዊ ሳይንስ ዲፓርትመንት ቢሮ ሆነ። ይገርማል፣ ልክ በዛ ጊዜ እኮ ጥቂት መንገድ ወረድ ብሎ በሀብታሙ ሮክፌለር ገንዘብ የድሮው ከተማ ቤት በቤት እየታደሰ ነው፣ የገዢው ቤት፣ የነጋዴው ቤት፣ የጠበቃው ቤት። ይሄኛው ግን ማንነቱ ሳይታወቅ ፎቶኮፒ ማሽን ተሸክሞ ተቀምጧል።

እኔ በሙያዬ የማምነው አንድ ነገር አለ፣ ቤት የሚሞተው ባዶ ሲሆን ነው። ሰው ያለበት ቤት ጣራው ሲያፈስ አንድ ሰው ይጮሃል፣ አንድ ሰው ያስጠግናል። ባዶ ቤት ውስጥ ውሃው ዝም ብሎ ይገባል፣ ጣውላው ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል፣ ከዛ ወዲያ የሚቀርህ ለፎቶ የሚሆን ፍርስራሽ ነው። ብሬይ ስኩልን ያተረፈው ሰው ታሪኩን ስላወቀ አልነበረም፣ ለብዙ አመት ማንነቱ ተረስቶ ነበር፣ ያተረፈው ሁሌም የሆነ ሰው ስለሚጠቀምበት ነው።

ማንነቱን ያወጣው ቴሪ ማየርስ የሚባል የኮሌጁ የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነው። የድሮ ሰው ትዝታ ሲያነብ ቤቱ ተነቅሎ እንደሄደ የሚል ነገር አገኘና ያ ትምህርት ቤት ይሄ ነው ብሎ አመታት ሙሉ ሲከራከር ቆየ። በመጨረሻ በ2020 እንጨቱን ናሙና ወስደው አዩት፣ የዛፉን የእድገት ቀለበት ቆጥረው ዛፉ መቼ እንደተቆረጠ ያወጣሉ፣ እና ከ1759 የብርድ ወቅት እስከ 1760 ጸደይ ባለው ጊዜ ተቆርጧል የሚል ውጤት መጣ። ማለትም እንጨቱ ገና እርጥብ እያለ ነው ቤት የሆነውና ልጆች የገቡበት። በኔ ስራ የቤት እድሜ የሚታወቀው ካውንቲው ጋ ካለ ወረቀት ነው፣ ወረቀቱም ብዙ ጊዜ ይዋሻል፣ እንጨት ግን አይዋሽም።

ከዛ የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2023፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተነሳ። ቤት ማንቀሳቀስ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ነገርየው እንዲህ ነው፣ ጭስ ማውጫውንና በኋላ የተቀጠለውን ታወጣለህ፣ ከስሩ ረጃጅም የብረት ቢሞች ታስገባለህ፣ በሃይድሮሊክ ጃክ አራቱንም ጥግ እኩል እኩል ታነሳለህ፣ አንዱ ጥግ በትንሹ ቀድሞ ከተነሳ መጋጠሚያው ይላቀቃል ማእዘኑ ይጣመማል፣ ከዛ ብዙ ጎማ ያለው ተጎታች ስር ይገባና በሰው እርምጃ ፍጥነት ይሄዳል። የሄደው ከአንድ ማይል ያነሰ ነው ግን መብራት ሽቦ አለ ዛፍ አለ መታጠፊያ አለ፣ ሰው መንገዱን ዳር ይዞ ቆሞ አጅቦታል። ቪዲዮውን ከመሄዳችሁ በፊት ፈልጉና እዩት፣ ቤቱ ጋ ስትደርሱ ሌላ ስሜት ነው የሚሰጣችሁ።

አሁን ያለበት ፍራንሲስና ናሶ ስትሪት ማእዘን ላይ ነው። ቦታው ዝም ብሎ ክፍት ስለሆነ የተመረጠ አይመስለኝም፣ ናሶ ላይ እዛው አካባቢ የፈርስት ባፕቲስት ቸርች ጥንታዊ ቦታ አለ፣ በ1776 የተመሰረተ የጥቁሮች ቤተክርስቲያን፣ ህንጻው በ1950ዎቹ ፈርሶ መሬቱ በኋላ አስፋልት ለብሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ የኖረ ነው። በ2020 ቁፋሮ ሲጀምሩ መሰረቱንም መቃብሮችንም አገኙ። ሁለቱን አንድ ላይ ካላያችሁ ግማሹን ነው ያያችሁት።

እድሳቱ እንዴት ነው? በጣም ጥሩ። የድሮውን ከተማ የሚያስተዳድረው ፋውንዴሽን ካደሳቸው ኦሪጅናል ቤቶች 89ኛው ነው፣ ስለዚህ እጃቸው ፈትቷል። የ1930ው ቅጥያ ተነስቶ ቤቱ ወደ ትንሽነቱ ተመልሷል፣ እና ትንሽነቱ ነው የሚያስደነግጠው፣ በአንድ ጊዜ ወደ ሰላሳ ልጅ የሚጠጋ እዚህ ውስጥ ነበር ስትባል ዞር ዞር ትልና የት ነበር የሚቀመጡት ትላለህ። እኔ ያው የሙያ በሽታ አለብኝ፣ ሰው አስጎብኚዋን ሲሰማ እኔ የጣውላውን መጋጠሚያ በጣቴ ልነካ ስል ባለቤቴ እጄን መታችኝ። ደንበኞቼ ሁሌ «ሙልጭ አርገህ አዲስ አስመስለው» ነው የሚሉኝ፣ እዚህ የሰሩት ሰዎች ግን የተረፈውን እንጨት አክብረው የጎደለውን ብቻ ነው የሞሉት፣ ይሄ ደሞ ከአዲስ ቤት ይልቅ ጊዜም ብርም ይበላል።

ከሁሉ ልቤን የነካው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሰሌዳ እርሳስ ስብርባሪ ነው፣ ቤቱ መጀመሪያ በነበረበት ቦታ ሲቆፍሩ የተገኘ፣ ልጆች ጥቁር ድንጋይ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉበት፣ ከትንሽ ጣት ጫፍ አይበልጥም። ልጆቹ ከማንበብ ሌላ መጻፍም ተምረዋል አልተማሩም የሚል ክርክር አለ፣ እሱን አስቡትና ከዛ ይቺን ስብርባሪ አስቡ። ሁለተኛው ስም ዝርዝሩ ነው። የ1762፣ የ1765ና የ1769 ሶስት ዝርዝሮች ተርፈዋል፣ 86 ስም። ብዙዎቹ ስማቸው ብቻ ነው ያለው፣ አባት የለም፣ አጠገቡ የባለቤቱ ስም። ከነሱ ውስጥ አዳምና ፋኒ የሚባሉ ሁለት ልጆች ባለቤታቸው ኮሌጁ ራሱ ነው። ትንሿ ልጄ ኮሌጅ እንዴት ሰው ይኖረዋል ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔ መልስ ሳዘጋጅ አስጎብኚዋ በትእግስት አስረዳቻት። ለሰራተኞቹ አምስት ኮከብ፣ ምንም ክርክር የለውም።

አሁን ቅሬታዬ። ትምህርት ቤት የነበረ ቤት እንደዚህ ተደክሞበት ሲመለስ ሙዚየም ብቻ ሆኖ መቅረቱ ትንሽ ይቆረቁረኛል። የተማሪዎቹን ዘሮች የሚፈልግና ታሪካቸውን የሚያጠና ብሬይ ስኩል ላብ የሚባል ክፍል ኮሌጁ ውስጥ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን የሰፈሩ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ መጥቶ ቁጭ ብሎ የሚያነብበት አንድ ሰአት ቢኖር ምን ይላል? በ1760 የተሰራ ወለል ላይ በየቀኑ ልጅ አይፈነጭበትም ልትሉኝ ትችላላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ኢንሹራንሱ ራሱ አይፈቅድም። ቢሆንም።

ለማወዳደር ሲያትል ያላችሁ ኮልማን ስኩልን ታውቁታላችሁ፣ እኛ ሰዎች በብዛት ከምንኖርበት ሰፈር ሩቅ አይደለም። የ1909 ህንጻ ነው፣ በ1985 የአይ 90 ሀይዌይ ስራ መጣና ተዘጋ፣ የሰፈሩ ጥቁር አክቲቪስቶች ሙዚየም ይሁንልን ብለው ገብተው ስምንት አመት አንለቅም አሉ። ዛሬ ታች የኖርዝዌስት አፍሪካን አሜሪካን ሙዚየም ነው፣ በ2008 የተከፈተ፣ ላይ 36 አፓርታማ አለ፣ ሰው ይኖርበታል። እሱ ቦታውን አልለቀቀም ግን ስራ ላይ ነው፣ ይሄኛው ሁለቴ ተጉዞ አሁን በመስታወት ውስጥ እንዳለ እቃ ሆኗል። ኮሚዩኒቲያችን ህንጻ እንግዛ እንግዛ እያለ በየስብሰባው የሚጨቃጨቅ ሁሉ (ያው የትኛው ስቴት ላይ አይጨቃጨቅም) ሁለቱንም አይቶ ቢጨቃጨቅ ጥሩ ነበር፣ ቢያንስ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስንት ካሬ ጫማ ነው ሳይሆን ማክሰኞ ከሰአት ማን ይገባበታል የሚለው እንደሆነ ይገባናል።

ለመሄድ ያሰባችሁ፦ ከዲሲ በሀይዌይ 95 ወደ ሪችመንድ ከዛ በ64 ወደ ምስራቅ ነው፣ ፍሬድሪክስበርግ ጋ ያለውን ትራፊክ ታውቁታላችሁ፣ በጠዋት ካልወጣችሁ ቀኑን መንገድ ላይ ትጨርሱታላችሁ። የድሮው ከተማ መንገዱ ላይ መሄድ በነጻ ነው፣ ቤቶቹ ውስጥ ለመግባት ግን ቲኬት ያስፈልጋል። በሀምሌ ሙቀት ባትሄዱ ይሻላል፣ የእግር መንገዱ ረጅም ነው፣ ጋሪ የሚገፋ ካለ ደሞ የድሮ ቤት ደረጃ ይኖረዋል ብላችሁ ጠብቁ። ምሳ ከቤት ያዙ፣ እኛ እዛው አካባቢ አንድ ቦታ ገብተን ለአራት ሰው የከፈልነው ብር እዚህ አንድ ትልቅ በያይነቱና ክትፎ ከነቡናው ያስበላ ነበር፣ ምግቡ ደሞ ጨው የሚባል አልነካውም። ልጆች ከስምንት አመት በታች ከሆኑ ብዙ አይገባቸውም፣ ከዛ በላይ ከሆኑ ግን ብሬይ ስኩልን በመጀመሪያ አሳዩአቸው፣ መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁት ደክሟቸው አይስክሬም ብቻ ነው የሚያስቡት።

ለቤቱና ለእድሳቱ አምስት፣ ለአስጎብኚዎቹ አምስት፣ ለአጠቃቀሙ ሶስት ተኩል። እኔ በሚቀጥለው የምሄደው ብቻዬን ነው፣ ጣውላውን ማንም እጄን ሳይመታኝ ጠጋ ብዬ ላየው እፈልጋለሁ።